ናሽቪል ደርሶ መልስ፤ የአንዲት ወታደር ጉዳይ

ናሽቪልን በስም የማያውቃት አንባቢ ያለ አይመስለኝም። የካውቦይ ዘፈን አገር ናት፤ ባለ ባርኔጣው፣ ባለ ጊታሩ የሚርመሰመስባት። እኔ ግን የሄድሁት ዘፈን ልሰማ አይደለም፤ የልጅ ልጄን ቼዝ ላጫውት ነው። «ለቼዝ ብሎ ከስድስት መቶ ማይል በላይ የሚነዳ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል» የምትሉ ካላችሁ አልቀየማችሁም። ሃያ ስድስት ዓመት ዲሲ ውስጥ ታክሲ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ከመንዳት ሌላ ምን ያውቃል ብላችሁ እለፉኝ።

ጊዜው በፈረንጆች ሜይ 2017፣ በኛ ግንቦት 2009 ነው። በአሜሪካን አገር የአንደኛ ደረጃ፣ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቼዝ ሻምፒዮና ለየብቻው ይደረጋል። በየአራት ዓመቱ ግን ሦስቱን ባንድ ጣራ ሥር ይሰበስቡና «ሱፐርናሽናልስ» ይሉታል። በዚያ ዓመት ናሽቪል ላይ የተሰበሰቡት ልጆች ከአምስት ሺህ በላይ ነበሩ። ከነሱ አንዱ የኔው ነው። ቤት ውስጥ ማሙሽ እንለዋለን፤ ያኔ አሥር ዓመቱ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ። እናቱ ነርስ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ተረኛ ነበረች። በዚያ ላይ እሑዱ የእናቶች ቀን ነው። «አባዬ፣ አንተ ውሰደው፤ ለኔ ስጦታ እሱ ይሁንልኝ» አለችኝ። ዕጣው እንዲህ አድርጎ በጡረተኛው አያት ላይ ወደቀ።

ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የተነሣነው ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ነው። በ66 ወደ ምዕራብ ወጥተን 81 የሚባለውን አውራ ጎዳና ከያዝን በኋላ መሪ ማዞር የለም፤ ደቡብ ምዕራብ፣ አሁንም ደቡብ ምዕራብ። በግራ የብሉ ሪጅ ተራሮች፣ በቀኝ የአሌጌኒ ሰንሰለት፣ መካከሉ የሸናንዶዋ ሸለቆ ነው። በግንቦት አረንጓዴነቱ ዓይን ይወጋል። ከብቱ በየመስኩ ተበትኖ ይግጣል፤ ጉሙ ከተራራው ወገብ ላይ አልለቅም ብሎ ተኝቷል። «ማሙሽ፣ ይሄ ወሎን አይመስልም?» ብለው «አባባ፣ ወሎን አላየሁትም» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ ሮአኖክ እስክንደርስ ምንም ነገር ከምንም ነገር ጋር አላመሳሰልሁበትም።

ብሪስቶል ላይ ከአውራ ጎዳናው ወጥተን ምሳ በላን። ይህች ከተማ አንድ ጉድ አላት። ዋናው መንገዷ ስቴት ስትሪት ይባላል፤ የመንገዱ መካከል የሁለት ግዛት ወሰን ነው። ባንዱ ወገን ያለው ሱቅ ቨርጂኒያ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ቴነሲ። ማሙሽ ይህን ሲሰማ አንድ እግሩን እዚህ፣ አንድ እግሩን እዚያ አድርጎ ፎቶ አንሣኝ አለ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተሻገርን። ማንም ወረቀት አልጠየቀንም። በ1978 በሌሊት፣ በእግሩ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር ልቡ እየቀጥ እያለ ወደ ሱዳን የተሻገረ ሰው እንዲህ ያለ ወሰን ሲያይ ይስቃል ወይስ ያዝናል? እኔ ሳቅሁ፤ ልጁ አብሮኝ ነበርና።

ኖክስቪልን አልፎ በ40 ወደ ምዕራብ ሲኬድ የሰዓት ክልል መለወጡን የሚናገር ምልክት አለ። እዚያ ላይ አንድ ሰዓት ትመረቃላችሁ። ማሙሽ «በነፃ?» አለኝ። በነፃ አልሁት። ቼዝ ተጫዋች ሰዓት ይወዳል።

የውድድሩ ቦታ ጌይሎርድ ኦፕሪላንድ የሚባል ሆቴል ነው። ሆቴል ብሎ መጥራትም ይከብዳል። ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ክፍል አለው። መካከሉ ዘጠኝ ኤከር የሚሆን የአትክልት ቦታ ነው፤ ሁሉ በመስታወት ጣራ የተከደነ። ዘንባባው፣ ፏፏቴው፣ ጀልባ የሚንሸራሸርበት ወንዙ ሳይቀር ከጣራ ሥር ነው። እውነተኛው ወንዝ፣ ኩምበርላንድ፣ ከጎኑ ያልፋል። በሜይ 2010 ይኸው ወንዝ ሞልቶ ገብቶ ሆቴሉን እስከ ኅዳር ድረስ አዘግቶት ነበር። ሰው ሠራሹ ወንዝ እውነተኛውን ያስቀናው ይሆናል። እኛ ያደርነው እዚያ አይደለም፤ ከመንገዱ ማዶ ባለ ርካሽ ሞቴል ነው። የጡረታ ገንዘብ ዘንባባ ሥር አያሳድርም።

ዓርብ ከቀትር በኋላ አዳራሹን ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጠረጴዛው ተደርድሮ ተደርድሮ መጨረሻው አይታይም። በየጠረጴዛው ላይ አረንጓዴና ነጭ ሰሌዳ፣ በየሰሌዳው ጎን ሁለት ፊት ያለው ሰዓት። የሕንድ ልጅ፣ የቻይና ልጅ፣ የሜክሲኮ ልጅ፣ ከኒው ዮርክ፣ ከቴክሳስ፣ ስሙን ካልሰማሁት ገጠር ሁሉ መጥቷል። እኔ ልጁን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ልቆም ስል ማይክሮፎኑ ጮኸ፤ ወላጆች ይውጡ አለ። ወጣን። በሩ ተዘጋ። ያ ሁሉ ሺህ ልጅ የተቀመጠበት አዳራሽ ባንዴ ዝም አለ።

ይህ ዝምታ አያቴን አስታወሰኝ። የእናቴ አባት በልጅነታቸው በባላባት ቤት ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያዩ ሰው ነበሩ። ዛሬ ሰንጠረዥ ስንል ቁጥር የሚሞላበት መሥመር ነው የሚታየን፤ ቃሉ ግን የኛ የቼዝ ስም ነው። እንግሊዛዊው ሔንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ጨዋታውን አይቶ ጽፎበታል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ሰብስበው አሳትመዋል። ሰሌዳው ቀይ ጨርቅ ነው፤ ጥቁርና ነጭ የለውም፤ መሥመሩ ብቻ ይታያል። የዛሬዋ ንግሥት ቦታ ላይ ፈርዝ የሚባል አለ፤ በማእዘን አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዳል። አያቴ እንደሚሉት ተመልካቹ ዝም አይልም። «ፈረሱን! ፈረሱን አንሣ!» እያለ ይጮኻል፤ ይማከራል፤ ይጣላል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን አከፋፈቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንዳመጣላቸው፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። ይህ «ወረራ» ይባላል። አንዱ የሌላውን ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ነው። ጨዋታው ከጣልያን በኋላ እየጠፋ ሄዶ እኔ ስደርስ ወሬው ብቻ ነበር የቀረው። ያኛውም ወረራ ይባላል፤ ልብ በሉ።

ወደ ማሙሽ ልመለስ። የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፈ፤ ስለሱ የምለው የለኝም። የማወራችሁ ስለ ሁለተኛው ነው።

በሁለተኛው ዙር ጥቁር ደረሰው። ነጭ የደረሳት ከሚሲሲፒ ገጠር የመጣች፣ ጠጉሯን ባለ ዶቃ ሹሩባ የተሠራች፣ የሱ እኩያ የምትሆን ጥቁር ልጅ ናት። ቼዝ የማታውቁ አንባብያን ለጥቂት ደቂቃ ታገሡኝ፤ የምታውቁ ደግሞ ሰሌዳችሁን አውጡ። እሷ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት እርምጃ አስኬደች፤ እሱም እንዲሁ። ፈረስ አወጣች፤ ፈረስ አወጣ። ጳጳሷን በማእዘን ወደ መካከል ሰደደች፤ እሱ ሁለተኛውን ፈረስ አወጣ። ይህ «የሁለት ፈረሶች መከላከያ» ይባላል፤ ከጣልያን የመጣ፣ ዕድሜው ከአራት መቶ ዓመት የማያንስ አከፋፈት ነው።

በአራተኛው እርምጃ ልጅቱ ያንኑ ፈረስ ደግማ አንሥታ ወደ ፊት አስወነጨፈችው። አሁን ፈረሱም ጳጳሱም አንዲት ወታደር ላይ አነጣጠሩ፤ ኤፍ 7 ላይ የቆመችውን፣ ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የሌላትን። ታራሽ የተባለው ስመ ጥሩ ጀርመናዊ ይህን አካሄድ የጀማሪ ሥራ ነው ብሎ ንቆት ነበር። እሱ ይናቀው እንጂ በልጆች ውድድር ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ በር ላይ ቆማችሁ የሚያለቅሱትን ብትቆጥሩ ታውቁታላችሁ።

ማሙሽ እስከዚህ ያውቃል። ከንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት እርምጃ አስኬዶ የጳጳሱን መንገድ ዘጋ። ልጅቱ በወታደሯ ያንን ወታደር በላች። እንግዲህ ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። የበላችው ወታደር መካከል ሜዳ ላይ ቆማለች፤ የማሙሽ ፈረስ ሊበላት ይችላል። አያቱ ምን ብሎ ነበር ያስተማረው? «የተበላብህን ወዲያው መልሰህ ብላ። ካልበላህ ይንቁሃል።» እኔን እንዲህ ያስተማረኝ ካርቱም ነው። ከ1978 እስከ 1982 ወረቀት ስንጠባበቅ ከሰው ልጅ ሁሉ ጋር ቼዝ ተጫውተናል። ከዚያም በኋላ ኤርፖርት ታክሲ ማቆሚያው ውስጥ፣ ግማሹ በቆርኪ ዳማ ሲጫወት ግማሻችን በቼዝ ስንፋለም ሕጋችን ያው ነበር።

ማሙሽ በላ።

ልጅቱ ፈረሷን ኤፍ 7 ላይ ሠዋች። ፈረሱ ንግሥቲቱንና ግንቡን ባንድ ጊዜ ይዟልና ንጉሡ ካልበላው አይሆንም። በላው። ወዲያው የነጭ ንግሥት ወጥታ ቼክ አለች፤ ከንጉሡም ጋር ያንን መልሶ የበላውን ፈረስ ያዘች። ንጉሡ ወደ ቤቱ ቢመለስ ፈረሱ ይሄዳል። ፈረሱን ላድን ካለ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ወደ ፊት፣ ወደ ሜዳው መካከል። በሰባተኛው እርምጃ ላይ ንጉሥ ያለ ዘበኛ በእግሩ ወጣ። የቀረው የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር።

ይህን አካሄድ ጣልያኖች «ፌጋቴሎ» ይሉታል፤ የጉበት ነገር ነው። እንግሊዝኛው «የተጠበሰ ጉበት» ይለዋል። እኛ ብንሆን ዱለት ብለነው ነበር።

ማሙሽ ሲወጣ አላለቀሰም፤ ባለቀሰ ይሻል ነበር። «አባባ፣ የበላችብኝን መልሼ በላሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆነ አላውቅም» አለኝ። ምን ልበለው? ጥፋቱ የኔ መሆኑን ገና አላወቅሁም። ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን ሳንድዊች እያላመጥን ሳለ ያቺው ልጅ ከአሠልጣኝዋ ጋር ስታልፍ አየችን፤ ተመለሰች። ቼዝ ተጫዋቾች ከጨዋታ በኋላ ተቀምጠው ስሕተቱን አብረው መፈለግ ወግ አላቸው። ያሸነፈ ለተሸነፈ ያሳያል። ሰሌዳዋን ምንጣፉ ላይ ዘረጋችና ያቺ ክፉ ቦታ ድረስ ባንድ ትንፋሽ ደረደረችው።

«እዚህ ጋ መልሰህ በላህ» አለችው። «ሁሉም ሰው መልሶ ይበላል። እኔም መጀመሪያ ጊዜ በልቼ ተሸንፌያለሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

የጥቁርን የግራ ፈረስ አንሥታ ዳር ላይ፣ ኤ 5 ላይ አስቀመጠችው። ፈረስ ዳር ላይ አይቀመጥም ብለው ያስተምራሉ፤ እኔም አስተምሬዋለሁ። ፈረሱ ግን ጳጳሱን ያዘ። ጳጳሱ ቼክ ብሎ ቢያመልጥ በወታደር ይሸፈናል፤ ወታደር በወታደር ይበላላል፤ ጳጳሱ እንደገና ይባረራል። ቀጥሎ ያ ወራሪ ፈረስ በትንንሽ ወታደሮች አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ይባረራል። የነጭ ጦር ሁሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የጥቁር ሁሉ ወደ ፊት ይወጣል።

እኔ አላስቻለኝም፤ ጣልቃ ገባሁ። «ወታደሯስ? አንዲት ወታደር ጎደለችበት እኮ። መቼ ይመልሳታል?»

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። «ምናልባት አይመልሳትም» አለች። «ትቅር።»

ሰሌዳዋን ጠቅልላ ሄደች። እኔ እዚያው ምንጣፉ ላይ ቀረሁ።

አንባብያን፣ እዚህ ላይ ስለ አንድ ቤት ልነግራችሁ ነው። አባቴ ጉለሌ ውስጥ ሁለት ቤት ነበራቸው፤ አንዱ የምንኖርበት፣ ሌላው የሚከራይ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይተው ነበር። ለኛ አልተተወም። ሁለቱንም ቁልፍ ባንድ ቀን ተቀበሉን፤ ለምን እንደ ሆነ ያስረዳን የለም። አባቴ በዚያው ዓመት ሞቱ። ደርግ ከወደቀ በኋላ እንደ ብዙ ሰው እኔም ማመልከቻ ይዤ ተነሣሁ። ከ1993 እስከ 2004፣ አሥራ አንድ ዓመት። ደብዳቤ፣ ጠበቃ፣ ውክልና፣ «ፋይሉ አልተገኘም»፣ «ነገ ይምጡ»። የአንዱን መሥሪያ ቤት ደረጃ ቁጥሩን ሳይቀር አውቀዋለሁ፤ አርባ ሁለት ነው። በቀን አሥራ አራት ሰዓት ነድቼ ያጠራቀምሁት እዚያ ላይ አለቀ። በ1997 ልጄ ሃይስኩል ስትጨርስ እኔ ያ ደረጃ ላይ ተራ ይዤ ነበር። የምርቃቷን ፎቶ አየሁት፤ ከአጠገቧ የቆመው የጎረቤት ሰው ነው። አንድ ቀን ሳትቆጣ፣ ሳህን እያጠበች፣ «አባዬ፣ ያሳደግኸው ልጅ እኮ ያ ቤት ነው» ብላኛለች።

በ2004 እኔ ሲደክመኝ ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ ያዘው። እሱ የሚኖረው በቀበሌ ቤት ነው።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ያን ዓርብ ማታ ስልኬ ስለ ጮኸ ነው። ናሽቪል ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ አዲስ አበባ ከሌሊቱ አሥራ አንድ። ወንድሜ ነው። አዲስ ጠበቃ ተገኝቷል፤ መንገድ አለው ይላል፤ እስከ ግንቦት 30 አራት ሺህ ዶላር ያስፈልጋል። እንደ ወትሮዬ «እሺ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «አስብበታለሁ» አልሁት። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ስለው የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱም ገርሞት ዝም አለ።

ማሙሽ አልተኛም ኖሮ «አባባ፣ ስለ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርሁት። ጨለማ ውስጥ መናገር ይቀላል። አሥር ዓመት ሙሉ ለዚህ ልጅ ስለ ጉለሌው ቤት አንድ ቃል ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ ስለ ኮሸሙ፣ ስለ ጓሮው ጽድ፣ ስለ ቆርቆሮው ድምፅ ሁሉ ነገርሁት። ጨረስሁ ስል «እዚያ ቤት ውስጥ አሁን ማን አለ?» አለኝ። ሰው አለ አልሁት፤ አምስት ልጅ የወለዱ ቤተሰቦች። በ1997 ቡና ጠርተውኝ ጠጥቻለሁ። «ታዲያ ብትመልሰው እነሱ የት ይሄዳሉ?» ተኛ አልሁት።

ቅዳሜ ሦስት ጨዋታ ነበር፤ ሁለት አሸነፈ፣ አንድ ተሸነፈ። በየመካከሉ ያንን ፈረስ ዳር ላይ የማስቀመጡን ነገር ሰሌዳ ዘርግተን ስንደጋግመው ዋልን። እኔ የነጭን እየያዝሁ ልደቁሰው እሞክራለሁ፤ እሱ እየገፋኝ ወደ ቤቴ ይመልሰኛል። አንዲት ወታደር በልጬው ሳለሁ መተንፈሻ አጣሁ።

ማታ ወደ አዲስ አበባ ደወልሁ። «ስማኝ ወንድሜ፣ ይህ ነገር ትቅርብን» አልሁት። ከብዙ ዝምታ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድም ጋሼ፣ አንተ እዚያ ሆነህ ትቅር ማለት ይቀልሃል። ዝናም ሲዘንብ ባልዲ የማስቀምጠው እኔ ነኝ።» ዘጋው። ተሳስቷል ልላችሁ አልችልም። ልጅቱ ባሳየችው መንገድ ወታደሯን የሰጠ ሰው በምትኩ ጊዜ ያተርፋል፤ ጦሩን ያወጣል። እኔ ወጥቻለሁ። እሱ ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ የለም።

እሑድ፣ የእናቶች ቀን። በር ላይ የቆሙት እናቶች አበባ ይዘዋል፤ ከየትኛው ቡድን እንደ ሆነ እንጃ፣ ልጆች ለሚያልፉ ሴቶች ሁሉ ያድላሉ። ለኔም አንድ ሰጡኝ፤ እናት ያላመጣ ልጅ አያት ሆኜ መቆሜ ሳያሳዝናቸው አልቀረም። ማሙሽ ስድስተኛውን ተሸነፈ። ሰባተኛው፣ የመጨረሻው፣ በጥቁር ነው።

ከአዳራሹ ውጭ አንድ ሰዓት ቆምሁ። ልጆች በሩጫ እየወጡ ነው፤ የሚዘልል አለ፣ እናቱ ጉያ የሚወሸቅ አለ። ሁለት ሰዓት ሞላ። ኮሪደሩ ሳሳ። የሱ ክፍል ልጆች ሁሉ ወጥተው እሱ የለም። ዓርብ ዕለት በሩብ ሰዓት የወጣ ልጅ ምን ሆነ ብዬ በሩን በቀጭኑ ከፈት ባደርግ ዘበኛዋ በጣቷ መለሰችኝ።

ሲወጣ ፊቱ ቀልቷል። «እኩል!» አለ። «አባባ፣ ያው መጣ! ያው ፈረስ! ዳር ላይ አስቀመጥሁት!» የጻፈበትን ወረቀት ዛሬም አስቀምጬዋለሁ። አምስተኛው እርምጃ ላይ፣ መልሶ መብላት በሚችልበት ቦታ፣ የዳሩን ፈረስ ጽፏል፤ ከጎኑ እርሳሱ ወረቀቱን ቀዶታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሃምሳ ስንት እርምጃ ሁሉ አንዲት ወታደር ጎድሎት የተጫወተው ነው። መጨረሻ ላይ እሱ አንድ ግንብና ሁለት ወታደር፣ ያኛው አንድ ግንብና ሦስት ወታደር ይዘው ማንም ማንንም መጣል አቅቶት ተጨባበጡ። ከሰባት ሦስት ተኩል። ዋንጫ የለም፤ ሜዳልያም የለም። ለእናቱ ደውሎ «መልካም የእናቶች ቀን፤ እኩል ወጣሁ» አላት። ስልኩ ውስጥ የሆስፒታሉ ደወል ይሰማል፤ እሷ የምትለው ግን አልተሰማኝም፤ ልጁ ብቻ «እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለ። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ሰኞ ሊነጋ ሲል ተነሣን። ስንመጣ የተመረቅነውን ሰዓት ኩምበርላንድ ላይ አስረከብን። እኩለ ቀን ላይ ብሪስቶል ልንደርስ ስንል ስልኬ ጮኸ፤ አዲስ አበባ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። መኪናውን ዳር አስያዝሁ። ወንድሜ ስለ ቤቱ አንድ ቃል አላነሣም።

«ልጁ ምን ሆነ?» አለኝ።

«የመጨረሻውን እኩል ወጣ።»

«በነጭ ነው በጥቁር?»

«በጥቁር።»

«በጥቁር እኩል መውጣት ደግ ነው» አለ። ረስቼው ነበር፤ ልጆች ሳለን ሰሌዳው ላይ የሚያሸንፈኝ እሱ ነበር። ለጣራው ማሠሪያ ገንዘብ እልካለሁ አልሁት። ለጠበቃው ሳይሆን ለጣራው። «የሰው ቤት ጣራ?» አለና ሳቀ፤ ከዚያም «ላከው» አለ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንዱ የመንገድ ማረፊያ ስንደርስ እግሬ ደነዘዘ። ወርደን ቡና ጠጣሁ። ማሙሽ «አባባ፣ ያንን የጥንቱን ጨዋታ አሳየኝ፤ ተራ የሌለውን» አለኝ። የሽርሽር ጠረጴዛው ላይ ሰሌዳውን ዘረጋን። ንግሥቶቹን ፈርዝ ናቸው አልሁት፤ ሰዓቱን ወደ ቦርሳው አስመለስሁት። ጀምር ስለው እጁ ተርበተበተ። «የማን ተራ ነው?» የማንም። ሁለታችንም። እኔ ወታደር ሳንቀሳቅስ እሱም ያንቀሳቅሳል፤ እኔ ፈረስ ሳወጣ እሱ የኔን አይቶ የራሱን ይመልሳል፤ እጃችን ይጋጫል። ባጠገባችን ያለፈ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ቆሞ አየንና ራሱን ነቀነቀ። ስንቱን እርምጃ እንደ ሄድን አልቈጠርሁም፤ ማንም አይበላም። እሱ እኔን ይጠብቃል፣ እኔ እሱን።

በመጨረሻ አንዲት ወታደር ገፋ አድርጌ ሰጠሁት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ሰሌዳውን አየ፤ ፈረሱን አነሣና በላት። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ሆነ።